ሁሉም አምስት ሰጠ

ሙሉ ነጥብ አግኝቶ የሚጨነቅ ተማሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከሸዋ ቤንች ወደ ሚዛን በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ ከጓደኛው ጋር ተቀምጧል። ለመመረቂያ ጥናቱ በጎደሬ ዱቄት የጋገራቸውን ሦስት ዓይነት ብስኩቶች ለመንደሩ ሰው አስቀምሶ መመለሱ ነው።

«አንድም ሰው ሳይቀር ለሦስቱም ከአምስት አምስት ሰጠ።»

«ለማወዳደሪያ ሆን ብለህ ላሳረርከውም?» አለ ስታቲስቲክስ የሚማረው ጓደኛው።

«ለእሱም።»

«ታዲያ እኔ ምኑን ከምኑ ላወዳድርልህ? ሰኞ አማካሪህ ይህን ካየ ምርቃቱን እርሳው።»

አጠገባቸው የተቀመጡ እናት ጣልቃ ገቡ። «እኔም ቀምሻለሁ። አምስት ነው የሰጠሁት።»

«እማማ፣ ያረረ ብስኩት እንዴት አምስት ያገኛል?»

«እንግዳ በእጁ ያቀረበልህን መጥፎ ነው ትለዋለህ እንዴ?»

«በሉት ግን?»

«ቀምሼ የተረፈውን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ።»

ጓደኛው ሳቀ፤ ጋጋሪው ግን አልሳቀም።

«እማማ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። አለዚያ አልመረቅም።»

«አትቀየመኝም?»

«አልቀየምም።»

«ያረረው ይሻላል። ሌሎቹ ጉሮሮ ያሳክካሉ። ጎደሬውን ሳትቀቅል ነው የፈጨኸው፣ ልጄ።»

ልጁ የተረፉት ብስኩቶች ያሉበትን ካርቶን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይቅመሱልኝ። እውነቱን ግን።»

ካላረሩት አንዱን ተቀብዬ፣ ዓይኑን ላለማየት በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተመለከትኩ፣ ቀስ ብዬ አኘክሁ።