«ምንም የለውም» የተባለው ኮምፒውተር

ከጎሬ መቱ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ጥቁር የለበሱ እናትና አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ተሻለው?»

«የት ተሻለው! ፎርማት ካደረግክልኝ በኋላም ያው ሰማያዊ እየሆነ ይጠፋል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ዊንዶውሱ ደህና ነበር፤ የተበላሸው አዲሱ የግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ ፎርማት ካደረግኩ በኋላም ያንኑ መልሼ ጫንኩበት።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ፕሮግራም። እሱን ብቻ አውጥቼ የድሮውን ብጭንበት ይበቃ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም አጠፋኸው?»

«እኛ ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር ፎርማት ማድረግ ነው የለመድነው። ደግሞ የሚፈለግ ነገር አለው ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀኸኛል። የገበያ ቀን ነበር፤ ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ሳይ ላስቆየው አፈርኩና ‹ምንም የለውም› አልኩህ።»

«ምን ነበረው?»

«የልጄ ሰርግ ቪዲዮ። አባቷ ሲመርቋት። የሳቸው ድምፅ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።»

«ማሎ እትዬ! ምነው ያኔ ቢነግሩኝ!»

«ምነው በነገርኩህ።»

«ነገ ቤት መጥቼ ድራይቨሩን ልቀይርልዎት።»

«ቀይርልኝ ልጄ። ግን ከእንግዲህ ምን አይበታለሁ?»

እኔ መቱ ፎርማት ላስደርገው የያዝኩትን ላፕቶፕ ደረቴ ላይ አስጠግቼ አቀፍኩት።