የተቀነሰው ገጸ ባሕሪ

(ጠዋት፣ አንዲት የጎጃም ከተማ፤ የታወቁት አልቃሽ እትዬ አንጓች ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤ የትምህርት ቤቱ ድራማ ክበብ ኃላፊ መምህር ቢያድግልኝ ፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይለምናቸዋል።)

እትዬ አንጓች፦ አይሆንም አልኩህ! ሬሳ በሌለበት ሙሾ አውርጄ አላውቅም።

ቢያድግልኝ፦ ሬሳማ አለ፣ እትዬ። ተዋናዩ ይሞትልዎታል።

እትዬ አንጓች፦ ከዚያስ?

ቢያድግልኝ፦ ከዚያማ ሲጨበጨብለት ተነስቶ እጅ ይነሳል።

እትዬ አንጓች፦ መነሳቱ ካልቀረ ራሱ ያልቅስ። እኔን ምን አደከመኝ?

ቢያድግልኝ፦ እባክዎ! ነገ የከተማው ሰው አዳራሹን ይሞላል፤ ከዞን ዳኞች ይመጣሉ፤ ካለፍን ክልል ሄደን እንወዳደራለን። ልጆቼ ደግሞ ሲያለቅሱ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። ትናንት ልምምድ ላይ ጥበቃው እንኳ ሆዱን ይዞ ነው የወጣው። ስንት ዓመት የለፋሁበት ድርሰት ገደል ሊገባ ነው።

እትዬ አንጓች፦ ምን ነበር ያልከው ስሙን?

ቢያድግልኝ፦ ትራጀዲ። አንድ የተከበረ ትልቅ ሰው ከከፍታው ሲወድቅ የሚያሳይ ድራማ ነው።

እትዬ አንጓች፦ ትንሽ ሰው ቢወድቅስ?

ቢያድግልኝ፦ እሱ እንኳ… ትራጀዲ አይባልም።

እትዬ አንጓች፦ ጎሽ! ድሃ ሲሞት ስም እንኳ አላወጣችሁለትም። እሺ፣ ትልቁን ሰውዬ ማን ገፍቶ ጣለው?

ቢያድግልኝ፦ ማንም። የባሕሪ እንከን ነው የሚጥለው። ሰውዬው ሁሉ ነገሩ ሙሉ ሆኖ አንዲት ጉድለት ትኖርበታለች። የእኔው ባለታሪክ፣ ባላምባራስ ደመላሽ፣ ትዕቢተኛ ነው።

እትዬ አንጓች፦ ምን አድርጎ?

ቢያድግልኝ፦ ሰርገኛ እየመራ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ሰው ሁሉ እያየው ይገባል፤ ውሃው ይወስደዋል።

እትዬ አንጓች፦ ዝም ብሎ ገባ?

ቢያድግልኝ፦ በትዕቢቱ።

እትዬ አንጓች፦ «ውሃው እስኪጎድል አረፍ እንበል» አላለም?

ቢያድግልኝ፦ መጀመሪያ ላይ… ብሎ ሊሆን ይችላል።

እትዬ አንጓች፦ ከኋላው የጮኸበትስ የለም? የሳቀበት?

ቢያድግልኝ፦ በድራማ፣ እትዬ፣ የማያስፈልግ ገጸ ባሕሪ ይቀነሳል።

እትዬ አንጓች፦ ተቀነሰ በለኛ! ዓይንህ ምን ሆነ?

ቢያድግልኝ፦ በርበሬው ነው።

እትዬ አንጓች፦ ይሁንልህ። ለእንባውም ስም አታጡለትም መቼም።

ቢያድግልኝ፦ ካታርሲስ ይባላል። ተመልካቹ አልቅሶ አልቅሶ ልቡ ሲነጻ ማለት ነው።

እትዬ አንጓች፦ የጻፈውስ ሰውዬ አይነጻም?

ቢያድግልኝ፦ ስለሱ መጽሐፉ የሚለው ነገር የለም።

እትዬ አንጓች፦ እኔስ በዚህ መሀል ምንድን ነኝ?

ቢያድግልኝ፦ ኮረስ ነዎት። ዳር ቆሞ ሁሉን የሚያይ ማለት ነው። ሰውዬውን ማዳን አይችልም፤ ያየውን ግን ይናገራል።

እትዬ አንጓች፦ ዳር መቆሙንስ አውቅበታለሁ። ሌላስ?

ቢያድግልኝ፦ ምጸት የሚባል አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ተመልካቹ ጉዱን ያውቃል፣ ባለታሪኩ ብቻ አያውቅም። ምስኪን፣ እየሳቀ ወደ ወጥመዱ ይሄዳል!

እትዬ አንጓች፦ እውነትህን ነው፣ ደስ ይላል። ባለቤቴን ስንሻውን ውሃ ከወሰደብኝ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመቱ።

ቢያድግልኝ፦ ነፍስ ይማር… ድርሰቱ የሳቸው ታሪክ አይደለም እኮ! ስሙም ማዕረጉም ሌላ ነው።

እትዬ አንጓች፦ ስለ ማዕረጉ እግዜር ይስጥልኝ። ስንሻው እንኳ ገበሬ ነበር። ባላምባራስ ባታደርገው መውደቂያም አያገኝ!

ቢያድግልኝ፦ እትዬ…

እትዬ አንጓች፦ ለቅሶ ቤት አልቃሽ ስትናገር ማንም አያቋርጣትም። በእናንተስ ቤት ኮረሱን ዝም የሚያሰኝ አለ?

ቢያድግልኝ፦ የለም። ለምን ጠየቁኝ?

እትዬ አንጓች፦ ነገ እመጣለሁ።

ቢያድግልኝ፦ እውነት? እግርዎን ልሳም!

እትዬ አንጓች፦ ተነስ፣ ቆይ። ከሚዜዎቹ መሀል አንዱ «አያ ስንሻው ውሃ ፈራ!» ብሎ ሲስቅ ከኋላው ቆሜ ነበር። ቀይ ከረባት አስሯል። ሰርገኛው ሁሉ ተከትሎት ሳቀ፤ ስንሻውም ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

ቢያድግልኝ፦ …ልጅ ነበርኩ፣ እትዬ።

እትዬ አንጓች፦ ይኸስ ስም አለው?

ቢያድግልኝ፦ መገለጥ ይባላል። ባለታሪኩ እውነቱን የሚያይበት።

እትዬ አንጓች፦ ዘግይቶ ነው የሚመጣው?

ቢያድግልኝ፦ ሁልጊዜ ዘግይቶ።

እትዬ አንጓች፦ ልጅ ነው ብዬ በባሌ ለቅሶ ላይ ስምህን ዋጥኩት። አንጀቴ እያረረ ዋጥኩት! አንተ ጎልምሰህ፣ መምህር ተብለህ፣ ሟቹን ትዕቢተኛ አድርገህ መጣህብኝ።

ቢያድግልኝ፦ አስተካክለዋለሁ! ዛሬውኑ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ!

እትዬ አንጓች፦ አትድከም። የቀነስከውን ሰው እኔው በሙሾዬ እመልስልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ከዳኞቹ አጠገብ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ቀይ ከረባትህንም እሰራት።