ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ቁጥር

በአንድ የዞን ጤና መምሪያ የኮምፒውተር ክፍል፣ አስር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፤ ከክልል የመጣችው ሲስተር እማዋይሽ ላፕቶፗን ከመምሪያው የኔትወርክ መስመር ጋር አገናኝታ ተቀምጣለች፤ የክፍሉ ባለሙያ ደርበው አጠገቧ ቆሟል።

ደርበው፦ ይንቀሉት እኮ አልኩ ሲስተር! አሁኑኑ!

እማዋይሽ፦ ገና ስሰካው? አልነቅልም።

ደርበው፦ እርስዎ ከሰኩት ወዲህ ሰርቨሩ፣ ዋናው ኮምፒውተራችን፣ ሞቷል። ኃላፊው ከክልል ጋር የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እየተናገሩ ነው ድርግም ያለባቸው።

እማዋይሽ፦ እኔ ደግሞ የወባ መድኃኒት ዝርዝር ይዣለሁ። መኪናው አስር ሰዓት ላይ ከመጋዘን ይወጣል። ዝርዝሩ ካልደረሰው ቆላውን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ በኋላ ከአስራ አምስት ቀን በፊት አይመለስም።

ደርበው፦ በስልክዎ ይላኩታ!

እማዋይሽ፦ በየትኛው ዳታ? ከተማችሁ ውስጥ ዳታ ከጠፋ ሦስት ቀኑ።

ደርበው፦ በፍላሽ ይስጡኝና በእኔ ኮምፒውተር ልላከው።

እማዋይሽ፦ ከዚህ ላፕቶፕ ካልተላከ መጋዘኑ አይቀበልም። ፕሮግራሙ እንደዛ ነው።

ደርበው፦ እስቲ ዞር ይበሉ፣ ልየው... ይኸው! የእኛን ሰርቨር ቁጥር ይዞ ነው የገባው። መስመር ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ አንድ ከያዙ ሁለቱም አይሠሩም። ማነው ይሄን የሞላልዎት? እንደዚህ ዝም ብሎ የሚነካካ ሰው እኮ ነው የሚያስቸግረን!

እማዋይሽ፦ ቀይረዋ።

ደርበው፦ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የቆለፈው ሰው ጋ ይደውሉ።

እማዋይሽ፦ እዚህ ላፕቶፕ ላይ የስድስት መሥሪያ ቤት መስመር ተሞልቷል። በየከተማው እየመረጥኩ ነው የምገባው፤ የተቆለፈው የእናንተው ብቻ ነው። የቆለፈው ልጅ ደግሞ አምና ሥልጠና ላይ ሃያ ላፕቶፕ ደርድሮ «ዞናችን ስትመጡ መሰካት ብቻ ነው፣ ምንም አታስቡ» ሲለን ነበር።

ደርበው፦ ሥልጠናው... የት ነበር?

እማዋይሽ፦ እዚሁ፣ ፎቁ ላይ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰህ ነበር።

ደርበው፦ ሰርቨሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ ቁጥር ክፍት መስሎኝ ለእሱ ሰጠሁት። ላፕቶፖቹ ይመለሳሉ ብዬ መች አሰብኩ?

እማዋይሽ፦ ይሁን፣ አልወቀስኩህም። በል ቃሉን አስገባ።

ደርበው፦ ረስቼዋለሁ።

እማዋይሽ፦ ምን አልክ?

ደርበው፦ ረስቼዋለሁ አልኩ! ይኸው ሦስቴ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። የሰርቨሩን ቁጥር ልቀይር ብል ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስልኩ ይሰማዎታል? ኃላፊው ናቸው። ባለፈው ወር ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል፤ ይሄ ሁለተኛዬ ነው። በእናትዎ ይንቀሉት!

እማዋይሽ፦ ትናንት የነበርኩበት ጤና ጣቢያ አንድ አልጋ ላይ ሦስት ሕፃናት ተኝተዋል። መድኃኒቱ አልቆ ነርሷ በእርጥብ ጨርቅ ታበርዳቸዋለች። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንደ ትናንት ፈርቼ አላውቅም። ሰርቨሩን አስር ደቂቃ አጥፋልኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም።

ደርበው፦ እንጀራዬን እኮ ነው የሚጠይቁኝ!

እማዋይሽ፦ «ከክልል የመጣች ሴትዮ ናት ያበላሸችው» በላቸው። እኔ ነገ ሌላ ከተማ ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል?

ደርበው፦ ስንት ደቂቃ ቀረ?

እማዋይሽ፦ አስራ ሁለት። ስልኩን አንሳው እንጂ፣ ልቤን አወለቀው!

ደርበው፦ ሃሎ... አዎ ጌታዬ፣ አውቄያለሁ... አይ፣ እንግዳዋ አይደሉም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰርቨሩን አሁን እያጠፋሁት ነው፤ ስብሰባው አስር ደቂቃ ይጠብቅ። ሲስተር፣ ይላኩት!