የታሸገው ኮዳ

ሰፈርተኛው «አባ ቁልፍ» የሚላቸው ቁልፍ ሠሪ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሲከፍቱ ኖረው የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ የሚደብቀው አያጣም የሚለውን ነው። ሻይ ሲቀርብላቸው እንኳ ስኳሩን ማን እንደጨመረው ሳይጠይቁ አይጠጡም። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ የጓሮ በር አልከፈት አለ ተብለው የተጠሩት። የልጅ ልጃቸው ሚጢ የምትማረው እዚያ ነው፤ የምታደርሳትም የምትመልሳትም እናቷ ስለሆነች ግን እሳቸው ግቢውን ረግጠውት አያውቁም ነበር።

በሩን ከመንካታቸው በፊት፣ እንደ ልማዳቸው፣ በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቁ። ያዩት ነገር አላማራቸውም። አሥራ ሁለት ሕፃናት ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። በየሆዳቸው ላይ አንዳንድ የጨርቅ አሻንጉሊት ተቀምጧል፤ ሁሉም ዓይናቸውን አሻንጉሊታቸው ላይ ተክለው ጭጭ ብለዋል። አንዲት ወጣት መምህርት በመካከላቸው በእግር ጣቷ እየተራመደች የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች። ከሕፃናቱ አንዷ ሚጢ ናት። ግራ ጫማዋ ከቀኙ ቀድሞ ከገባ መሬት ላይ የምትንከባለለው፣ የከለከላትን ሁሉ የምትነክሰው ሚጢ!

አባ ቁልፍ ከቀዳዳው ቀና አሉ። ልጅቷ ሰሞኑን ቤት ውስጥም ሰከን ማለቷን አስተውለው ነበር። እናቷ ተመስገን ስትል እሳቸው ግን ልባቸው አላመነውም፤ የአራት ዓመት ልጅ በባዶ ሜዳ አይሰክንም ባይ ናቸው። አሁን ምክንያቱን ያገኙት መሰላቸው። አንድ የሚያጠጧቸው ነገር አለ።

በሩን ጠግነው እንደጨረሱ መምህርቷን ወደ ጥግ ጠሯት።

«ልጄ፣ ሕፃናቱን ምን አድርጋችኋቸው ነው?»

«ትንፋሻቸውን እንዲያስተውሉ ነው አባቴ። ሲተነፍሱ አሻንጉሊቷ ከፍ ዝቅ ስትል ያያሉ።»

«ለመተንፈስም ትምህርት ቤት ያስፈልጋል?»

«ለመተንፈስስ አያስፈልግም፤ ተናደው ሳለ ረጋ ብሎ ለመተንፈስ ግን ያስፈልጋል። የሚሰማቸውንም በስሙ እንዲጠሩት እናስተምራቸዋለን። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ከፍቶኛል እንዲሉ። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው እኮ የሚለው ቃል ያጣ ልጅ ነው።»

«ሚጢ ነገ ተነስታ እናቷን ተናድጄብሻለሁ ልትላት ነዋ! በእኛ ጊዜ ልጅ ሲያለቅስ መልሱ ቁጣ ነበር፤ ይኸው ሰው ሆነናል።»

«ሆናችኋል አባቴ። ግን ያኔ የፈሩትን ነገር ለማን ነገሩት?»

አባ ቁልፍ ዕቃቸውን ሰብስበው፣ ቆጣ ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሥራቸው ስለላ ሆነ። የሚጢን አፍ አሸተቱ፤ ቦርሳዋን ገለበጡ፤ ኮዳዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው መረመሩ። ምንም የለም። ምንም መጥፋቱ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራቸው። ለልጃቸው፣ ለሚጢ እናትም፣ ሐሙስ ማስረጃ ካገኙ ሚጢ ዓርብ እዚያ እንደማትውል ቁርጡን ነገሯት። ልጃቸው በልብስ ስፌት ድርጅት የምትሠራ ናት፤ እስከ ሥራ መውጫዋ ሕፃን የሚይዝላት ሌላ ቤት የለም። ሚጢ ከዚያ ወጣች ማለት እሷም ከሥራዋ ወጣች ማለት ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ለአባቷ መልስ ሰጥታ ስለማታውቅ አቀርቅራ የተገለበጠውን ቦርሳ መልሳ ሞላች።

ሐሙስ ጠዋት አባ ቁልፍ ኮዳውን በገዛ እጃቸው ሞሉ። ክዳኑን በቀጭን ሽቦ ጠመጠሙና በመብራት ቆጣሪ ላይ እንደሚደረገው ጫፉን በትንሽ የእርሳስ ብረት ማኅተም አሸጉት። ማንም የሆነ ነገር ልጨምር ቢል ማኅተሙ ያጋልጠዋል። ሚጢንም ከዚህ ሌላ ምንም እንዳትጠጣ፣ ይህንንም ማንም እንዳይነካው ጣታቸውን ቀስረው አስጠነቀቋት። አርባ ዓመት ሙሉ ሌባ እንዳይከፍተው ብቻ ሲያስቡ የኖሩ ሰው፣ የኮዳው ባለቤት ራሷ ሲጠማት በምን እንደምትከፍተው አላሰቡም።

አምስት ሰዓት ሲሆን መምህርቷ ደወለችና ቶሎ እንዲመጡ ለመነቻቸው። እሳቸውም «ተያዙ!» ብለው፣ ሱቃቸውን እንኳ በወጉ ሳይዘጉ ገሰገሱ።

ሚጢ ምንጣፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ኮዳው እንደታሸገ ከፊቷ ቆሟል። መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሆነውን አስረዳቻቸው። ሌሎቹ ሲጠጡ ሚጢ አልቅሳለች፤ ኮዳውንም በእግሯ መትታዋለች። በብርጭቆ ቢሰጧት፣ ሽቦውን እንቁረጥልሽ ቢሏት እምቢ አለች። በመጨረሻ ማንም ሳያዛት ወደ ምንጣፉ ሄዳ ቁጭ አለች።

አባ ቁልፍ ማኅተሙን አገላብጠው አዩ፤ አልተነካም። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም። ታዲያ ያረጋጋት ምንድን ነው? የሚጠረጥሩት ፈልገው ፈልገው ከራሳቸው በቀር ሰው አጡ።

«ለምን ዝም አልሽ የኔ እናት? ለምን አስከፍተሽ አልጠጣሽም?»

«ጠምቶኝ ነበር» አለች ሚጢ። «ተናድጄም ነበር። ግን አባባ፣ አንተ ስትቆጣ በጣም እፈራለሁ።»

ሽማግሌው ቅስማቸው ተሰበረ። ፒንሳቸውን አውጥተው ሽቦውን ሊቆርጡ ቢሞክሩ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ስንት ካዝና የከፈተ እጅ አንዲት ሽቦ አቃተው። ሚጢ ትንሽ አየቻቸውና እጃቸውን ይዛ ሆዳቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። በአፍንጫ መሳብ፣ በአፍ ቀስ ብሎ ማስወጣት እንደሆነ አሳየቻቸው። አባ ቁልፍ መምህርቷ ፊት አፈሩ፤ ቢያፍሩም ሦስት ጊዜ ተነፈሱ። እጃቸው ረጋ፣ ሽቦው ተቆረጠ። ሚጢ ውሃው በአንገቷ እስኪወርድ ድረስ ሳታቋርጥ ጠጣች።

መምህርቷ አልወቀሰቻቸውም። ስሜቱን በስሙ የሚጠራ ልጅ ጥርሱን ትቶ አፉን እንደሚጠቀም፣ ትዕግሥትም ከዚያ እንደሚጀምር በትሕትና ነገረቻቸው። የሚፈራውን ለወላጁ መናገር የለመደ ሕፃን ነገ ክፉ ሰው ቢያስፈራራው እንኳ አይደብቅም አለቻቸው። ይህች የመጨረሻዋ አንጀታቸው ገባች። ሲጠብቁት የኖሩት ክፉ ሰው ቢመጣ ኖሮ ሚጢ ለእሳቸው እንደማትነግራቸው ገባቸው፤ የቤቱን በር ሁሉ ሲዘጉ የልጅቷንም አፍ አብረው ዘግተውት ነበር።

ያን ቀን ወደ ሱቃቸው አልተመለሱም። ልጃቸው ከሥራ ወጥታ ስትመጣ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሚጢን አቅፈው አገኘቻቸው። ፊታቸውን አይታ የዓርቡ ነገር ቁርጥ እንደሆነ ገመተችና ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ልጅቷ እዚሁ ትማር» አሏት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ፈርቼ ነበር።»

እናትየው ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታው አታውቅም። ቀስ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔም እፈራዎት ነበር አባዬ» አለች። «በሚጢ ዕድሜ ሳለሁ። እስካሁንም።»

አባ ቁልፍ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የአርባ ዓመት ልማድ ነውና። ከዚያ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ሚጢ እያየች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረችላቸው።

«ንገሪኝ ልጄ» አሉ ሲረጉ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»