ፓቺኒን ማን ሰማው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የላቦራቶሪያችን ሥራ አስኪያጅ ዶክተር ሉልሰገድ፣ ውድ ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋቢው ያምራል። ኬኩማ ከፒያሳ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ላለ ሰው ሁሉ ይበቃል።

ግን አስማ፣ ቢላዋውን አስቀምጪልኝ። ኬኩ ትንሽ ይቆይ።

ዶክተር፣ አይደንግጡ፤ አላንዛዛም። ብቻ እላይ ተህዋሲ በምናበቅልበት ኢንኩቤተር ውስጥ ያለ አንድ የምርመራ ሳህን ዕረፍት ነሥቶኛል። እሱ እልባት ሳያገኝ ደህና ሁኑ ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።

ከሌላ ክፍል የመጣችሁ የእኛን ልማድ ላታውቁት ትችላላችሁ። እኛ ዘንድ አደገኛ ተህዋሲ የተጠረጠረበት ሳህን በአንድ ሰው ዓይን ብቻ አይነበብም። ሁለት ሰዎች በየተራ ያዩታል። እርስ በርስ ሳይነጋገሩ አንድ በአንድ መጥተው ያዩትን በጆሮዬ ይነግሩኛል። ካሊድ "የንስሐ አባታችን" እያለ የሚቀልድብኝ ለዚህ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ውጤቱ ይወጣል። ካልተስማሙ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት አልተስማሙም።

ናሙናው የመጣው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳይፈርሱ ከቀሩት ቤቶች በአንዱ ከምትኖር ጎመን ሻጭ ነው። ሴትዮዋ ትናንት እንደ ውሃ በሚወርድ ተቅማጥ ተዝለፍልፋ ሐኪም ቤት ገብታለች። መጀመሪያ ሳህኑን ያየችው ሉዋም ናት። "እትዬ አባይነሽ፣ አረንጓዴው ላይ የበቀሉት ቢጫ ናቸው፤ ኮሌራ ይመስለኛል" አለችኝ። ቀጥሎ ፍትዊ መጣ። "ምንም የለም፣ የተለመደው ነው" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኢንኩቤተሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ዶክተር ሉልሰገድ ደረሱ። "ዛሬ እኮ የእርስዎ ቀን ነው። ነገ ተረጋግተን እናየዋለን" አሉኝ። እናንተም ጋቢ አልብሳችሁ፣ እያጨበጨባችሁ ወደዚህ አወረዳችሁኝ።

ነገ? ነገ እኔ የለሁም። ኮሌራ ከሆነ ደግሞ ነገን ማን ይጠብቅልናል? ያቺ ሴትና ጎረቤቶቿ የሚቀዱት ከአንድ ቦኖ ነው። እኔ እዚህ ቆሜ ሳወራ እዚያ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው አለ።

ዶክተር የሚፈሩትን አውቃለሁ። ተሳስተን ከተናገርን ሰፈሩ ይሸበራል፤ እንደ ሴትዮዋ ጎመን ከሚሸጡት የሚገዛ ይጠፋል፤ እኛም መሳቂያ እንሆናለን። እውነት ነው። እኔንም ያስፈራኛል።

ግን ፓቺኒን አስቡት። ጣልያን ለፒያሳ ብዙ ቃል ትቶልናል፤ ባንኮኒ እንላለን፣ ማኪያቶ እንላለን። ፓቺኒ ብላችሁ ብታዝዙ ግን አስተናጋጁ የኬክ ዓይነት መስሎት "አልቆብናል" ይላችኋል! ፊሊፖ ፓቺኒ የፍሎረንስ ሐኪም ነበር። በ1854 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከተማውን ኮሌራ ሲፈጀው፣ የሟቾቹን አንጀት በማይክሮስኮፕ መረመረ። ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ደቃቅ ሕያዋን አየ። ያየውን ጽፎ አሳተመ። ማን ሰማው? የጊዜው ሊቃውንት "በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው" ብለው ስለቆረጡ ዞር ብሎ ያየው የለም። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ዝም አሉት። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ያንኑ ተህዋሲ ሲያሳይ ዓለም አጨበጨበ። ፓቺኒ ግን ከዓመት በፊት ሞቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን መሐል ስንት ሰው አለቀ?

ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪምም ቪየና ላይ "ወላድ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ" ቢላቸው ሐኪሞቹ ተቀየሙት። የተሰማም አለ፣ እግዜር ይመስገን። ተህዋሲ ልናበቅልበት በየቀኑ የምናፈላው አጋር ፋኒ ሄሰ የምትባል ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ማርማላታ የምታረጋበት ነበር። ባሏ ኮኽ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበርና፣ የሚጠቀሙበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ ሲያስቸግረው "ይህን ሞክሩት" አለች። ሰሟት። ይኸው እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ሳጫውታችሁ ስለ ሌንሳቸው ትጠይቁኛላችሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አጠገባቸው የነበረው ሰው ነው። እያወቀ ዝም ያለው።

ፍትዊ፣ ወንድሜ፣ እስቲ ቀና በል። አብረን ስንት ሳህን አነበብን? አንተ ቢጫን ከአረንጓዴ የማትለይ ሰው አይደለህም። ጠዋት ስትነግረኝ ለምን ወደ መስኮቱ ዞርክ?

እ? አልሰማሁህም። ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ ሁሉም ይስማ።

"ቀንዎን ላበላሽብዎት አልፈለግሁም።"

ሰማችሁት? እሱም ቢጫውን አይቷል።

አልተቆጣሁህም፣ ፍትዊ። ዋሸሁ፤ ተቆጥቻለሁ፤ አንጀቴንም በልተኸዋል። ምን ታደርግ፣ አስተዳደጋችን ነው። እኛ መርዶ እንኳ ሰውዬው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሲነጋ ነው የምናረዳው። ለሐዘንተኛ ደግ ልማድ ነው። ኮሌራ ግን እስኪነጋ ስንቱ ቤት ይገባል!

እንግዲህ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ሦስተኛ አያስፈልግም። የማረጋገጫው ምርመራ ይቀጥል። ጥርጣሬውን ግን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ መንገር ግዴታችን ነው። ዶክተር ሉልሰገድ፣ ስልኩ እርስዎ አጠገብ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ለራሴ ብዬ የለመንኩዎት ነገር የለም። ዛሬ እለምንዎታለሁ።

ዶክተር?

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የለም፣ ስልኩን ለእኔ አይስጡኝ። ለሉዋም ይስጧት፤ መጀመሪያ ያየችውም የተናገረችውም እሷ ናት። ነይ እናቴ። ጠዋት ለእኔ እንዳልሽው በይ። "ይመስለኛል" ማለት አያሳፍርም።

እየጠራ ነው? በሉ እስኪያነሡት ልመርቃችሁ።

ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። ያያችሁትን የምትናገሩበት ድፍረት፣ ስትናገሩም የሚሰማ አለቃ አይንሳችሁ። ዶክተር፣ እርስዎን ዛሬ ስለሰሙኝ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ፍትዊ፣ ከነገ ጀምሮ ሦስተኛዋ ዓይን አንተ ነህ፤ ወንበሬን ውሰድ፣ ወደ መስኮቱ ግን እንዳትዞርብኝ። ያቺን ጎመን ሻጭ ለልጆቿ ያትርፍልን። ከቦኖው የቀዳውን ሁሉ ይማርልን። እናንተንም በሄዳችሁበት ሁሉ ደግ ይግጠማችሁ፤ እኔንም በደጃችሁ ሳልፍ ሻይ በሉኝ።

ተነሣ?

አታጨብጭቡ። ሉዋም እየተናገረች ነው።