እንደ ናሙና የተገለበጠው የጤና መድን ቅጽ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረ፤ በሥራ ቦታው «ፈጣኑ» በሚል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ፤ ከተቀጠረ ዛሬ 30ኛ ቀኑ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ከእናቱ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡40
ጉዳዩ፦ በፋብሪካው ደመወዝ ክፍል ስለተነቀለ መሳቢያ እና በሠራተኛዋ እግር ላይ ስለደረሰ ጉዳት

ቃሌን የምሰጠው ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ እግር መጥቼ ነው። መርማሪው ተረጋግቼ እንድናገር ነግረውኛል። እሞክራለሁ፤ ነገር ግን ደመወዝ ክፍሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ መረጋጋት አልሆነልኝም። በየመሐሉ ሰዓት ብጠይቅ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን በዚህ ጣቢያ በቁጥጥር ሥር ያለውን ተጠርጣሪ የማውቀው ከሠላሳ ቀን በፊት አብረን ስለተቀጠርን ነው። በመስመራችን ማስቲሽ እንለዋለን። ሶል የሚያጣብቀው እሱ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ወሬ ከያዘ ስለማይለቅ ነው። አርባ ዓመት ይሆነዋል። የስድስት ዓመት ልጅ አለችው፤ ጆሮዋ እየመገለ መስማት እየከለከላት ነው። የፊታችን ሰኞ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት ቀጠሮ ተይዟል። የሕክምናውን ወጪ ከኪሱ መክፈል እንደማይችል እኔም ሆንኩ መስመሩ ሁሉ እናውቃለን።

ነገሩ እንዲገባ የፋብሪካውን አሠራር መናገር አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ፎርማኑ ያለቀለት አንድ ጫማ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ናሙና ይባላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። የሚጠይቅ ሰው ካለ ፎርማኑ አፉን አያደክምም፤ በአገጩ ወደ ናሙናው ያመለክታል። በሁለተኛው ሳምንት የናሙናው ዘለበት በስህተት በውስጥ በኩል ተሰፍቶ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት የወጣው ጫማ በሙሉ ዘለበቱ በውስጥ በኩል ሆኖ ወጣ። ማንም «ይሄ ነገር ልክ ነው?» አላለም። እኔም አላልኩም።

በተቀጠርንበት በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2፡15 ገደማ ለአሥራ አንዳችን አዲስ ሠራተኞች የጤና መድን ቅጽ ታደለን። ማሽኑ 2፡30 ስለሚነሳ ፎርማኑ የሰጠን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ እና በሠራተኛው ሥር የሚተዳደር ወላጅ ስም የሚጻፍበት ሰንጠረዥ አለ። ከመካከላችን አንድ ሰው ቀድሞ ጨረሰ፤ ቅጹም ጠረጴዛው ላይ፣ ናሙናው በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ። ሌሎቹ እሱን እያዩ ሞሉ። ሰንጠረዡ ላይ «የለም» የሚል ስለነበረ ሁሉም «የለም» ብለው ፈረሙ። የአራት ልጆች እናት የሆነችው ካርቶን አሻጊያችን እንኳ «የለም» ብላለች።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የመጀመሪያው ደመወዛችን ከነዝርዝር ወረቀቱ ተሰጠን። ወረቀቱ ላይ «ለጤና መድን» ተብሎ የተቆረጠ ነበር። ማስቲሽ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «ሳንታመም አሳከሙን እንዴ?» አለ። ሳቅን። ኋላ ግን ከተቆረጠብኝ አይቀር ልጄን ላሳክምበት ብሎ በነጋታው ወደ ሆስፒታል ሄደ። እዚያም የእሱ ስም እንዳለ፣ የልጅቷ ግን እንደሌለ ተነገረው። ረቡዕ ከሰዓት ሥራ ሲገባ ወሬ አልነበረውም።

ዛሬ ከጠዋቱ 4፡10፣ በሻይ ሰዓት፣ ወደ ደመወዝ ክፍል ሲሄድ ተከተልኩት። ለምን እንደተከተልኩት ተጠይቄ ስለራሴ ተቆራጭ ለመጠየቅ ነው ብያለሁ። ይህ ሙሉ መልስ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ባለ አራት መሳቢያ ካቢኔት እና የግድግዳ ካላንደር አለበት። ሠራተኛዋ ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጣለች። ይህን የምጠቅሰው እግሯ ለምን ክፉኛ እንደተጎዳ ስለሚያስረዳ ነው።

ማስቲሽ በትሕትና «እህቴ፣ ከተቆረጠብኝ ልጄ ለምን አልገባችም?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሳትሰለች አስረዳችው። የሚቆረጠው ከደመወዝ ላይ በመቶኛ እንደሆነና ድርጅቱም ያንኑ ያህል እንደሚጨምር ነገረችው። «ብቻህን ሁን፣ አሥር ልጅ ይኑርህ፣ የሚቆረጠው ያው ነው» አለችው። ይህን ስሰማ የበሩን መቃን ያዝኩ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ቅጹን አወጣችና «በገዛ እጅህ የለም ብለሃል። ለነገሩ አሥራ አንድ ሰው ሲቀጠር አንድ ወላጅ እንኳ የለበትም ወይ ብዬ ገርሞኝ ነበር» አለች።

ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። ማስተካከያ የሚቻለው በተቀጠሩ እስከ ሠላሳ ቀን ድረስ እንደሆነ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ፣ በሩም አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚዘጋ ነገረችው። ቀደም ሲል አንድ ሠራተኛ የጎረቤቱን ልጅ የኔ ናት ብሎ ስላስመዘገበ፣ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ የሚገልጽ ጽሑፍ ነገሩን በሚያውቅ ሰው ተፈርሞ መቅረብ አለበት አለች። «ማን ይመሰክርልሃል?» ስትለው ማስቲሽ ዞሮ አየኝ። ስሜን አልጠራም። እኔ ካላንደሩን አየሁ። ካላንደሩ ላይ ዛሬ ሐሙስ መሆኑ ተጽፏል፤ ያን የማላውቅ ይመስል ደጋግሜ አነበብኩት።

ሠራተኛዋ ቅጹን መልሳ መሳቢያውን ልትዘጋ ገፋችው። ማስቲሽ እንዳይዘጋ እጁን አስገብቶ ያዘው። በዚህ መሐል መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ በባዶ እግሯ ላይ ወደቀ። ጮኸች። እሱም ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃት። የጥበቃ ሠራተኛው እስኪገባ አልሮጠም፤ ቅጹን ከወለሉ አንስቶ ግድግዳው ላይ ዘረጋና ሶል በሚያመለክትበት እርሳስ «የለም» ከሚለው ሥር የልጁን ስም መጻፍ ጀመረ። ጥበቃው ሸሚዙን እየጎተተው ስለነበረ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊነበብ አልቻለም። የገንዘብ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልነካውም፤ አላየውምም። ጥበቃው ገንዘብ ሊዘርፍ ገባ ብሎ የሰጠው ቃል ሐሰት ነው። ጥበቃው የገባው ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ነበርኩ።

መርማሪው ሁሉም የገለበጡት ቅጽ የማን እንደነበረ ጠይቀውኛል። ከመመለሴ በፊት ውሃ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ሰዓትም ጠይቄ ዘጠኝ ከሃምሳ ተብያለሁ። ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ቅጹ የኔ ነው። «ፈጣኑ» የተባልኩት ያን ዕለት ጠዋት፣ ከሁሉም ቀድሜ ስለጨረስኩ ነው፤ ስሙንም ወድጄው ነበር። የጻፍኩት ግን ውሸት ነው። እናቴ ከኔ ጋር ትኖራለች፤ የደም ግፊት አለባት፤ የምትተዳደረውም በኔ ነው። ስም በበዛ ቁጥር ተቆራጩ ይበዛል ብዬ በራሴ ገምቼ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ እናቴን «የለም» አልኳት። ማስቲሽ ያኔ አጠገቤ ነበር። ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ልጅ አለችኝ፤ የቱ ጋ ልጻፋት?» አለኝ። እንደ ፎርማኑ በአገጬ ወደ ቅጼ አመለከትኩት።

ዛሬ ጠዋት ማስቲሽን የተከተልኩት የኔ ቅጽ ይነሳ እንደሆነ ለማየት ነው። ለምን ዝም እንዳልኩም ተጠይቄያለሁ። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም፤ ሐሰት ጽፈሃል ተብዬ እንዳልባረር ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ነገር ግን ማስቲሽ እኔን አይቶ ስሜን ያልጠራበት መንገድ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎኛል። ምሳዬን አልበላሁም። በፋብሪካው በር ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሠራተኛዋ እግሯን በፋሻ አሳሽጋ ወደ ቦታዋ መመለሷን በመስኮት አይቼ፣ ይህ ቃል ተፈርሞ ቢደርሳት የጠየቀችውን ጽሑፍ ሊተካ ይችላል ብዬ በአራተኛው ወደዚህ መጣሁ። ስለዚህ ቅጂው ዛሬውኑ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ይህ ጥያቄ በምስክር ቃል ውስጥ አይገባም ከተባለ በሌላ ወረቀት ይጻፍልኝ፤ ግን ቶሎ ይጻፍ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልደለለኝም። ከሠላሳ ቀን በፊት በፊርማዬ ያጸደቅኩት ወረቀት ሐሰት ነበር። ይህኛው እውነት ነው፤ ማንም ቢገለብጠው አይጎዳም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 10፡20

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ለምስክሩ ተሰጥቷል። ከመሄዱ በፊት በመርማሪው ፈቃድ፣ በማረፊያ ክፍሉ በር ፍርግርግ በኩል፣ የልጅቷ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ተጠርጣሪውን ጠይቆ ፊደል በፊደል በመዳፉ ላይ ጽፏል። ከሥሩም ማንንም ሳይጠይቅ የእናቱን ስም ጽፎ፣ በሩጫ ወጥቷል።