የአባባ ዌንዴል ቢጫ ጠመንጃ

ክቡራትና ክቡራን! ዛሬ እንኳ በወጉ ልጥራችሁ እንጂ፣ ሌላ ቀንማ «እናንተ፣ ማነው አልጋውን ሳያነጥፍ የሄደው?» ነበር የምላችሁ። ኃላፊያችን ህይወት፣ ይህን ሁሉ ስላሰናዳሽ፣ ኬኩንም ከሮውሌት ድረስ ስላመጣሽ ጌታ ይባርክሽ።

ሪታየር አድርጌ ጡረታ የምወጣው ሥራው ሰልችቶኝ አይደለም፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ዊልቸር ላይ የተቀመጡት አባባ ዌንዴል። ባርናባስ፣ ቀስ እያልክ በእንግሊዝኛ ተርጉምላቸው፤ የማማቸውን ግን ዝለለው።

አባባ ከስትሮክ በኋላ እዚህ አረጋውያን ቤት ሲገቡ ቀኝ እጃቸው ተጨብጦ ቀርቶ ነበር። ለቴራፒ የጎማ ኳስ ብንሰጣቸው በግራቸው ወርውረው ከግድግዳው ጋር አላተሙት። ቀኑን ሙሉ የድሮ የካውቦይ ድራማ በቴሌቪዥን ማየት ነው።

አንድ ቀን ካውቦዩ ጠመንጃውን በአንድ እጁ አሽከርክሮ ሲያቀባብለው «ወይ ጉድ! እንዴት አድርጎ ነው?» አልኩ። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ከስር ያለው የማቀባበያ ቀለበት ነው ምስጢሩ» አሉኝ። «እጅ እንደልብ እንዲሾልክ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ልጅ ሆኜ በእንጨት ስለማመድ የእናቴን መብራት ሰብሬያለሁ።»

ባለቤቴ ፍቃዱ፣ ዋይሊ ከተማ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ ከነቀለበቱ የእንጨት ጠመንጃ ሠራልኝ። ህይወት አየችና «ኧረ በጌታ! ጠመንጃ በፖሊሲ ክልክል ነው!» አለች። «ቴራፒ ነው እኮ» ብል ማን ይስማኝ? ሶ፣ እንደ ሙዝ ቢጫ ቀባነውና አለፈ።

አባባ ግን አልነካም አሉ። እኔው ሞከርኩት፤ አገጬን መታኝ። ደገምኩት፤ አሁንም አገጬን! ሆን ብላ ነው የምትሉ አላችሁ። ኧረ ወዲያ፣ እውነቴን ነው አልቻልኩም! አባባ ትዕግሥታቸው አለቀና «ስጪኝ እስቲ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የትኛውን? ቀኙን! ጣቶቹ ትንሽ ተከፈቱ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እኔን ሲያርሙ ሲያርሙ፣ ማንኪያ ለመያዝ በቁ።

እንደምሄድ የሰሙ ዕለት ግን ጠመንጃውን አልጋ ስር ከተቱት። «ከእንግዲህ ማንን አርማለሁ?» አሉኝ። እጃቸውም እንደ ድሮው ተጨብጦ መቅረት ጀምሯል። ከዚህ ቤት ስወጣ እሱ እጅ ተዘግቶ እንዳይቀር ነው የምፈራው።

ጎበዝ ተማሪ አይሆናቸውም፤ የማይችል ሰው ነው የሚፈልጉት። ሶ፣ ሳስብ ሳስብ… እስከዳር፣ ነይ የኔ እናት! አትኮርፊ እንግዲህ፣ እዚህ ቤት አንቺን የሚያህል ትሪ የሚጥል የለም። ጠመንጃውን ከአልጋው ስር አውጥቼ አምጥቼዋለሁ፤ ያዢው። በይ አሽከርክሪው!

ወይኔ፣ ኬኩ ላይ ወደቀ! አይዞሽ፣ ከዳር ከዳሩ ይበላል።

ቆይ፣ ዝም በሉ እስቲ። ሰማችኋቸው? «ስጪኝ እስቲ!» አሉ። እጃቸውን አያችሁት? እሰይ! እሰይ የኔ አባት! እስከዳር፣ ክሬሙን ጥረጊና ስጫቸው።

በቃ፣ አሁን ልሂድ። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ ጉልበታችሁን ከእኔ ጉልበት ይልቅ ያበርታው። ስታረጁም የምትስቁበትና የምታርሙት ሰው አያሳጣችሁ።